ሲኒት ያልተቀበለችው ብስኩት

ውድ እትዬ ውባንቺ፣

ባለፈው በስልክ ተኮራርፈን ከተለያየን ወዲህ አልደወልኩም። ድምፅዎን ስሰማ መልሼ እንደምከራከርዎት ስለማውቅ መጻፍ መረጥኩ። በወረቀት ላይ ቢያንስ አያቋርጡኝም።

ነገሩ ያው የሲኒት ነው። ትምህርት ቤቷ፣ ሁለተኛ ደረጃ የሚጨርስ ልጅ ሁሉ ማኅበረሰቡን በነጻ ካላገለገለ ለመጨረሻው ፈተና፣ ለማቱሪታ፣ አይቀመጥም አለ። ለእኔዋ ልጅ የደረሳት ቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ደሜ ፈላ። እኔ ሮም ከገባሁ ጀምሮ ባዳንቴ ሆኜ የሰው እናት የማጥበውና የማገላብጠው፣ ልጄ ይህን ሥራ እንዳትነካው አይደለም ወይ? ደግሞስ በግድ የሚሠራ ጽድቅ ምን ጽድቅ ነው? ይህን ስልዎት ሳቁብኝ። «እድራችን ለቅሶ የቀረውን አይቀጣም ነበር? ቅጣት ፈርቶ የመጣውም እኮ ሬሳ ተሸክሟል» አሉኝ። ስልኩን ዘጋሁብዎት።

ልጅቷ ሄደች። በመጀመሪያው ቀን ዓይኗ አብጦ ተመለሰች። ሲኞራ ኢዳ የሚባሉ አሮጊት ከኪሳቸው ብስኩት አውጥተው ሰጧት፤ እሷም «ኖ ግራትሲዬ፣ አመሰግናለሁ፣ ጠግቤያለሁ» አለች። ሰው ሲሰጥሽ ዘለሽ አትቀበዪ፣ እስኪለምኑሽ ጠብቂ እያልኩ አይደል ያሳደግኋት። አሮጊቷ ግን ይህን ልመና የት ያውቁታል? «እጄን ተጸየፍሽው» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቀኑን ሙሉ አላናገሯትም።

«ጥፋቱ ያንቺ ነው» አለችኝ በጣሊያንኛ፣ እያለቀሰች። «ሁለተኛ እዚያ አልሄድም።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አይደል? የፈለግሁት ደጄ ድረስ መጣልኝ። የሴትዮዋ ነገር ግን አላስቀምጥ አለኝ። ስንት አሮጊት እንዲያ ፊቷን ስታዞር አይቻለሁ፣ እትዬ፤ እርስዎም እዚህ ሲሠሩ አይተዋል።

«አሎራ፣ እንግዲያው ነገ ትሄጃለሽ» አልኳት። «ቁርስ ሳትበዪ ሂጂና ብስኩቱን ራስሽ ጠይቂያቸው።»

«ማስገደድ ነውር ነው ስትዪ አልነበር?»

«ነውር ነው። ትሄጃለሽ።»

በማግስቱ ስትመለስ ፍርፋሪው ሹራቧ ላይ ነበር። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ «እማዬ፣ ሲኞራ ኢዳ ትራሴ ላይ ከፍ አድርጊኝ ሲሉኝ አቃተኝ። እንዳላሳምማቸው ፈራሁ። አንቺ እንዴት ነው የምታደርጊው?» አለችኝ።

ይህች ልጅ ስለ ሥራዬ ጠይቃኝ አታውቅም። ለጓደኞቿ እናቴ ነርስ ናት እንደምትል እያወቅሁ አንድም ቀን አላረምኳትም።

አገር ቤት ሳይመለሱ በፊት፣ እዚሁ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሠፈር በነበረችው ክፍላችን እርስዎ እኔን እንዳለማመዱኝ፣ አልጋዬ ላይ ተጋደምኩላት። «ጉልበትሽን አጠፍ አድርጊ፤ እጅሽን ከትከሻዬ ሥር፤ በወገብሽ እንዳትስቢ፤ ከማንሳትሽ በፊት ንገሪኝ» አልኳት። ቃሉ የእርስዎ ነው፣ አንድም አልጨመርኩበት።

«ላነሳሽ ነው፣ እማዬ» አለችና አነሳችኝ።

እትዬ፣ ያን ሁሉ ሰው ሳነሳ ኖሬ፣ ከእናቴ ወዲህ እኔን ያነሳኝ ሰው አልነበረም። እንባዬ መጣ። «አሳመምኩሽ?» ብላ ደነገጠች።

«አላሳመምሽኝም። አልተማርሽም ግን፣ ድገሚው» አልኳት። ተምራ ነበር።

ረታኋት ብለው ለጎረቤት እንዳያወሩብኝ፤ ግዴታ የሚለው ቃል ዛሬም ይጎረብጠኛል። ስልክ ስለዘጋሁብዎት ግን ይቅር ይበሉኝ። ወገብዎ ከአልጋ አላስነሳ እንዳለዎት ከእህትዎ ልጅ ሰማሁ። ክረምት ላይ አገር ቤት እንመጣለን። ሲኒት የትምህርት ቤቱን አገልግሎት ጨርሳለች፣ ለፈተናውም ትቀመጣለች። «እዚያ ስንደርስ እትዬን የማነሳቸው እኔ ነኝ» ብላለች። ይህንን ማንም አላዘዛትም።

ስልክ የዘጋችብዎት ልጅዎ፣
ማርቲ፣ ከፒኜቶ፣ ሮም