እማማ ፋጥናን የመታህበት ብረት

ይድረስ ለወንድሜ ለተካልኝ። እንደምን ሰነበትክ? ወገብህ ተሻለህ ወይ? ያ የሚያስለቅስህ ጥርስህስ? ጅቡቲ ሙቀቱ ጀምሯል መቼም። አያልነሽ እንዴት ናት? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ደህና ማለት ከተቻለ። ይህን ሁሉ የምጠይቅህ ሰላምታ የእግዜር ስለሆነ እንጂ በግኜ ነው የምጽፍልህ። በስልክ እንዳላደርገው፣ ስጮህ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራብኛል፤ እዚህ የምኖርበት የሪደርቫልድ ሰፈር ቤት ግድግዳው ስስ ነው።

አያልነሽ ሁሉንም ነግራኛለች። እማማ ፋጥና ከዓሣ ነጋዴ ሴቶች ጋር መንገድ ዳር ላቫጆህ ድረስ መጥተው፣ ከቦቴ የምታጥበው ዝቃጭ በቦይ ባሕር እየገባ ነው፣ ዓሣው ሞቶ ዳር እየወጣ ነው፣ ተው አሉህ። ሳቅክባቸው። የውሃ ጎማህን በቢላ ሲቆርጡብህ ያን ረጅም መፋቂያ ብረት አነሳህ። የመጀመሪያው ምት ክንዳቸውን ሰበረው። ወድቀው እያሉ ደግሞ ጀርባቸው ላይ ደገምካቸው። ደማቸው ከናፍጣው ጋር በቦዩ ወረደ። ሴቶቹ በድንጋይ ግንባርህን ባይፈነክቱህ ኖሮ ሦስተኛውም አይቀርም ነበር። እሰይ፣ እጃቸው ይባረክ።

አንተ ልጅ፣ እናታችን አሰብ ላይ አንተን ወልዳ ስትሞት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከአሰብ እስከ ጅቡቲ ያልተለዩህ ጎረቤታችን እማማ ፋጥና የራሳቸውን ልጅ በአንድ ጡት፣ አንተን በሌላው አድርገው ሲያጠቡ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ያጎረሰ እጅ ይነከሳል ሲባል እሰማ ነበር፤ አንተ ጭራሽ ሰበርከው። አጠገቤ ብትሆን ኖሮ በጥፊ ጆሮህን አደነቁረው ነበር።

ግን ብረቱን የላክሁልህ እኔ ነኝ። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። እዚህ ፍራንክፈርት፣ ፌኸንሃይም ሰፈር፣ ቦቴ ከማጥብበት ቦታ ሊጣል ሲል ለምኜ የወሰድኩት ነው። ፓምፑንም የላክሁልህ፣ ሙያውንም በስልክ ያስተማርኩህ እኔው ነኝ፤ ሙቅ ውሃ ይቅደም፣ ሳሙናው ይቆይ፣ ጥጉን ፋቀው እያልኩ። እዚህ ከቦቴው ሥር ግሩበ የምንለው የሲሚንቶ ጉድጓድ አለ። እጣቢው ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል፣ መኪና መጥቶ ይመጠዋል፣ ማይን ወንዝ ውስጥ ጠብታ አይገባም። ይህን አልነገርኩህም። በየቀኑ ቆሜበት የምውል ነገር ነው፣ ስለ ወለል ደግሞ ማን ያወራል? አንተ ወደቡ ሰፋ፣ መንገዱ ሰፋ፣ ቦቴው ተሰለፈልኝ ስትለኝ እልል አልኩ እንጂ፣ እጣቢው የት ይሄዳል ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁህም።

አሁን ደግሞ እማማ ፋጥና ለፖሊስ ቃላቸውን እንዳይሰጡ፣ ባጠቡኝ ጡት ለምኝልኝ ትለኛለህ። እሑድ ሽማግሌ አስከትለህ፣ አንገትህ ላይ ድንጋይ ተሸክመህ ደጃቸው ልትወድቅ፣ ሰኞ ላቫጆህን ልትከፍት። እንዲህ ያለ ይቅርታ የት አገር ነው ያየኸው? በዚያ ጡት ለመለመን ትንሽ አታፍርም?

ደወልኩላቸው። ላንተ ልለምን አይደለም፣ ብረቱ የእኔ መሆኑን ልነግራቸው ነው። እኔ አለቀስኩ፣ እሳቸው ግን አላለቀሱም። የራሳቸው ክንድ በጀሶ ታስሮ እያለ፣ ያንተ ግንባር ተሰፍቶ እንደሆነ ጠየቁኝ። ድንጋይ ተሸክመህ ልትመጣ ማሰብህን ስነግራቸው እንዲህ አሉኝ፦

«በአንድ ድንጋይ እንዳይመጣብኝ። ድንጋይ መሸከም ካማረው ቦዩን ይድፈንበት። እስኪደፈን ይሸከም። የዚያን ቀን ልጄ ነው።»

እንግዲህ ሰምተሃል። ፖሊስ ጋ ይሂዱ ብያቸዋለሁ፤ ፓምፑን ማን ላከው ብለው ከጠየቋቸውም ስሜን ይስጡ። ቦዩ ሳይደፈን፣ ጉድጓድ ሳትቆፍርና በሲሚንቶ ሳትለስን ያን ፓምፕ ብታስነሳ፣ የነሐሴ ፈቃዴን ወስጄ እመጣለሁ። በዚያው ብረት እሰባብረዋለሁ። መሃል ከገባህ አንተንም። ታውቀኛለህ።

አያልነሽን ሳምልኝ፤ እውነት ስለተናገረች ክፉ ቃል እንዳታሰማት። ብሩኪን ጉንጩን፣ ዶርቃን ግንባሯን ሳምልኝ። ለጎረቤትህ ለአቶ ዓምደ ሚካኤል ሰላምታዬን አድርስ፣ ድንጋይ መጫኛ ጋሪ እንዲያውሱህም ለምናቸው። ለእማማ ፋጥና ግን ሰላምታ አልልክብህም። ቦዩን ስትጨርስ ራስህ ሄደህ እናቴ በላቸው።

እህትህ ዘርፈሽዋል
ፍራንክፈርት አም ማይን
ግንቦት 12 ቀን 2004 ዓ.ም.