ደጃፍ ላይ የቆመ ጨዋታ

ካርቱም፣ ጀሪፍ

ለማከብርዎት እናቴ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? ዝናቡስ በጊዜው ጣለ? ማሽላው እንዴት ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። አለን ስል እኔን፣ አብረውኝ የሚኖሩትን ሙሚናንና ራሔልን ማለቴ ነው። ሁለቱም አጠገቤ ተቀምጠው ሰላም በይልን እያሉ ነው።

እርስዎ አያውቁኝም። እኔ ግን ከኒዕማ ጋር እዚህ ጀሪፍ በአንዲት ክፍል ስኖር፣ ከእርስዎም ጋር የኖርኩ ያህል ነው። ሲቆጡ ዝም ብለው ቤት እንደሚጠርጉ አውቃለሁ። የቤትዎ ደጃፍ ዝቅ ያለ ስለሆነ እንግዳ ሁሉ ግንባሩን እንደሚመታ፣ እርስዎም ሳቅዎን ለመደበቅ ወደ ጓዳ እንደሚገቡ አውቃለሁ። ወጥዎ ጨው እንደሚበዛበት ሳይቀር ነግራኛለች። እሷ ራሷ ግን ስትሠራ ከዚያ የባሰ ታበዛ ነበር።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከዚህ የተመለሰች አንዲት ሴት፣ ልጅሽ በየጁምዓው ዳይስ ትወረውራለች፣ ቁማር ትጫወታለች ብላ እንደነገረችዎት ሰምተናል። በስልክ የላኩትን ድምጽም ሰምተነዋል። ሳትሰናበተኝ ሌሊት መውጣቷ አንሶ ቁማርተኛም ሆነች? አውፍ አልላትም፣ ይቅር አልላትም፣ ብለዋል። እውነቱን ልንገርዎት፣ ያን ቀን በጣም ተናድጄብዎታለሁ። ኒዕማን አጥፊው፣ ደግመሽ አትስሚው ብላት፣ የእናቴ ድምጽ ያለኝ እሱ ብቻ ነው ብላ እምቢ አለችኝ። ልብስ ስታጥብ ሁሉ ትከፍተው ነበር። ሳትሰናበትዎት የወጣችውም ንቃዎት አይደለም፤ ፊትዎን ካየች እግሯ እንደማይነሳ ስለምታውቅ ነው።

ጨዋታው ቁማር አይደለም፤ ወላሂ ገንዘብ የሚባል ነገር የለበትም። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር እሠራበት የነበረው ቤት ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከጓደኞቿ ጋር ሳሎን ተቀምጣ ስትጫወተው ሻይ እያቀረብኩ ለዓመታት ሰምቼዋለሁ። ጦርነቱ ሲጀመር ቤተሰቡ ወደ ግብፅ ሲወጣ ዳይሶቹን ለእኔ ተወችልኝ። አጨዋወቱ እንዲህ ነው። አንዷ አጫዋች ትሆናለች፤ እሷ እኔ ነኝ። የቀሩት በሐሳባቸው አንድ አንድ ሰው ይሆናሉ፣ ስም ያወጡለታል። መንገዱን፣ ጅቡን፣ ሽፍታውን፣ በየመንደሩ የሚያገኙትን ሰው ሁሉ እኔ እናገራለሁ። እነሱ የሚያደርጉትን ይነግሩኛል። ይሳካ አይሳካ ዳይሱ ይቆርጣል። ውጭ መውጣት በማይቻልበት ጊዜ ይኸው ነበር መውጫችን።

መጀመሪያ ላይ የምሸልመው ጅብ ለገደለች፣ ሽፍታ ለማረከች ብቻ ነበር፤ ሳሎን ያየሁት እንደዚያ ነው። ሽልማቱ አንዲት ተምር ናት። ተምር ያላት ሴት ዳይሱ ሲከዳት ተምሯን ከፍላ ዳግም ትወረውራለች፣ ከራባትም ትበላዋለች። ሙሚና ሁልጊዜ ትበላዋለች። ኒዕማ ግን ምንም አታገኝም ነበር። እሷ ሰዓዳ የምትባል፣ ከሲራራ ነጋዴ ጋር በእግሯ የምትጓዝ ሴት ነበር የሆነችው። ሌሎቹ ሲዋጉ ሰዓዳ መንገደኛ አስቁማ የአገሯን መንገድ ትጠይቃለች። ራሔል፣ አንቺ ሴት፣ ጅቡ እየበላን አንቺ አቅጣጫ ትጠይቂያለሽ፣ ያላ ተነሺ እንጂ፣ እያለች ትስቅባት ነበር።

አንድ ጁምዓ፣ ለመሆኑ ይቺ ሰዓዳ ምን ፍለጋ ነው የምትሄደው ብዬ ጠየቅኳት። እናቷ ቤት ገብታ አውፍ እንድትባል አለችኝ። ሙሚና እንኳ ወደ አፏ ያስጠጋችውን ተምር መለሰችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንቡን ለወጥኩ። እያንዳንዷ የሆነችው ሰው ልቡ ውስጥ ያለውን ምኞት ትናገራለች፤ ወደዚያ በተጠጋች ቁጥር፣ ጅብ ገደለች አልገደለች፣ ተምሯን ታገኛለች። የሙሚና ሴት ማንበብ መማር ፈለገች፣ የራሔሏ ደግሞ የስፌት ሱቅ። ሰዓዳ ለእናቷ ሻሽ ስትገዛ ሸለምኳት። የአገሯ ሰው አግኝታ፣ እናትሽ ደኅና ናት ስትባልም ሸለምኳት፤ ያን ቀን ኒዕማ የምር አለቀሰች። እናቴ፣ ውጭ ተኩስ ነበር፤ እኛ ውስጥ ሆነን እርስዎ ቤት ለመድረስ ስንት ወንዝ እንደቀረን እንከራከር ነበር።

መንደሯ ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት ዳይሱ ከዳትና ሰዓዳን እባብ ነደፋት። ሙሚና አልለቀቀችኝም፤ እናቷን አሁን አምጪያት፣ እዚያው መንገድ ላይ አውፍ ትበላት፣ እንዲሁ ልትሞት ነው እንዴ አለችኝ። እኔም እሺ ልል ነበር። ኒዕማ ግን ተቆጣች። ለሚሞት ሰውማ አውፍ ማለትን ማን ይከለክላል አለች። በእግሬ ቆሜ፣ ምንም ሳልሆን ነው እንድትለኝ የምፈልገው፤ አዝናልኝ ከሆነ ግን ተምሩን አልቀበልም አለች። ያጠራቀመችውን ተምር ሁሉ ከፍላ ወረወረች፤ ሰዓዳም ዳነች።

በሚቀጥለው ጁምዓ ደጃፉ ላይ ደረሰች። ግንባሯን እንዳትመታ ጎንበስ ብላ አንኳኳች። የእናቲቱን ቃል መናገር የእኔ ፋንታ ነበር። ከሳህኑ ወፍራሙን ተምር መርጬ ይዣለሁ። ግቢ ልጄ ልላት አፌን ስከፍት እጇን አፌ ላይ ጫነችው። ኸላስ፣ እዚህ ጋ ይቁም አለችኝ። ማለሽ፣ አትቀየሚኝ እህቴ፣ ሌላውን ሁሉ አንቺ ተናገሪልኝ፣ ይሄን ግን አንቺ ብትይው ውሸት ነው፤ እሷው ራሷ ትበለኝ፣ ኢንሻአላህ ደውዬ እጠይቃታለሁ አለች። ከዚያ ኔትዎርክ ጠፋ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ሌላ ነገር መጣ። ጨዋታው እዚያው እንደቆመ ነው።

እናቴ፣ ስለ ኒዕማ ጤና ያልጻፍኩልዎት ረስቼው አይደለም። እሱን ነገ ይማም በአፉ ይነግርዎታል። ይማም ይህን ወረቀት የሚያነብልዎት ጎረቤታችን ነው፤ ጀሪፍ ልብስ ይሰፋ ነበር፣ አሁን ጠቅልሎ አገሩ መግባቱ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ሲያነብ ድምጹ ቢቆራረጥ ከመንገዱ ድካም ነው ይበሉት። የያዘውን የኒዕማን ሻንጣ ዛሬ አይክፈቱት።

እኔ የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰዓዳ ደጃፍዎ ላይ ናት። ደኅና ናት፣ በእግሯ ቆማለች፣ ሻሽ ይዛልዎታለች። ምን ይሏታል? ግቢ የሚሏት ከሆነ፣ አውፍ ብዬሻለሁ ብለው ስሟን ጠርተው ለይማም ይንገሩት። አንጀትዎ እምቢ ካለ ግን እምቢ ይበሉ፤ እሷም ለይሉኝታ ተብሎ የሚሰጣትን አትወድም፣ እኔም አልቀየምዎትም። ብቻ ምንም ይሁን ምን፣ ቃልዎን ይማም ዛሬ ከቤትዎ ሳይወጣ ይስጡት። ነገ ማለዳ ወንድምዎን ጋሽ ጂብሪልን ይዞ ተመልሶ ይመጣል። ቃልዎን እስከዚያ አያሳድሩት እናቴ፤ ዛሬ ይበሉት፣ አሁን፣ እንዲሁ እንደተቀመጡ።

አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ጉልበትዎን ያጽናልዎት። ጎረቤትና ዘመድ ከአጠገብዎ አያርቅብዎት። ሶብሩንም ትዕግሥቱንም አብዝቶ ይስጥዎት።

ባይወልዱኝም ልጅዎ፣
የልጅዎ ጓደኛ