የቅንድብህ ጠባሳ

ዘለቀ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው። አንተ እንደምን እንደሰነበትክ አላውቅም፤ እኔ ደኅና አልሰነበትኩም። ፒካፕህን ልጃችን ታምሩ ይነዳዋል። ከጫሞ ዓሣ ጭኖ ሲመለስ የሞተሩን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አንተ የመጣህ ይመስለኝና ብድግ እላለሁ። ምሕረት ልጅህ፣ እማዬ መቀመጥ አቃተሽ እያለች ትቆጣኛለች። እውነቷን ነው።

ልጆቹ ለሙት ዓመትህ ሐውልት ይቁም፣ ፊቱም በድንጋይ ይቀረጽ አሉ። ለድንጋይ ጠራቢው ሲቀላ ሰፈር ካለው ፎቶ ቤት የተነሣኸውን ጉርድ ፎቶ ሰጠነው። ሥራውን ልናይ ስንሄድ ጨርቁን ገለጠልን። አፍንጫው ያንተ ነው፣ ጆሮውም ያንተ ነው፤ ሰውዬውን ግን አላውቀውም። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ቅንድብህ ላይ ያለው ጠባሳ የለም። ፎቶ ቤቱ እንደ ልማዱ ፊትህን ሲያሳምር አጥፍቶታል። ያ የፒካፑ ኮፈን ወድቆብህ የቀረ ጠባሳ፣ ለእንግዳ ሁሉ የጫሞ አዞ ነው እያልክ የምታወራለት።

ጠራቢው ስንነግረው፣ እቀርጸዋለሁ፣ በየትኛው በኩል ነው? አለ። ታምሩ በቀኝ አለ፣ ምሕረት በግራ አለች። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም አላወቅሁም። ያን ሁሉ ዘመን አብሬህ ኖሬ!

ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ አለኝ። ድንጋይ አንዴ ከተነካ አይመለስ፤ ብሳሳትስ? ቤት ያሉትን ፎቶዎች አገላበጥኩ፤ በአንዱ ባርኔጣህን እስከ ዓይንህ ደፍተሃል፣ ሌላውን ያው ፎቶ ቤት አሳምሮታል። መልክህ ከልቤ እየወጣ ነው ብዬ ፈራሁ።

ትናንት ታምሩ ለምሳ ሲገባ ፒካፑን በር ላይ አቆመው። ሳላስበው ወጥቼ ጋቢና፣ ከድሮ ቦታዬ ተቀመጥኩ። ወደ መሪው ዞር ስል እጄ በራሱ ጊዜ ተነሣ። ጫኖ መንደር ሙዝ ልንጭን ስንሄድ፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ላብህን በነጠላዬ ጫፍ የምጠርግልህ ከዚሁ ሆኜ ነበር፤ ጣቴም ሁልጊዜ ጠባሳህ ላይ ትደናቀፍ ነበር። በእኔ በኩል ነበር፤ በቀኝ ነው፣ ዘለቀ። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ዛሬ ለጠራቢው ቦታውን በጣቴ አሳየሁት። ሲጨርስ የድንጋዩን ብናኝ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት፤ ጣቴ ተደናቀፈች።

አንተው ነህ። ሌላው ሁሉ ቢጠፋኝ እንኳ ይህን አልረሳብህም። መቃብርህ ላይ ቆሞ ይህ ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉም፣ አዞ ነው እላለሁ።