ቤዝመንት የሌለው ቤት

ማርች 3፣ 2007
ቤቱ የሚሠራበትን ቦታ አየን። ከኦሮራ ወደ ምሥራቅ፣ ሜዳ ላይ። ዛፍ የለም፣ ነፋስ ብቻ። ሻጯ ምርጫ ሰጠችን፦ በዚያው ዋጋ ወይ ከቤቱ ስር ቤዝመንት ይቆፈራል፣ ወይ ሳሎኑ ጣሪያው ከፍ ብሎ ረጃጅም መስኮት ይገባለታል። አማቴ እማማ ጌጥነሽ አብረውን ነበሩ። የደሴ ቤታቸውን ሸጠው ቅድመ ክፍያውን የሰጡን እሳቸው ናቸው።
"አስቆፍሩት። ቶርኔዶ የሚሉትን አውሎ ነፋስ በቴሌቪዥን አይቻለሁ፣ የሚተርፈው ከስር የገባ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።"
ባሌ ደምሰው እኔን አየኝ። እኔ የሳሎኑን ሥዕል...

ማርች 4
ፈረምን። ሳሎኑን። እንግዳ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበሏል እንዴ?

ኦገስት 19
የማኅበራችን እንቁ ከእኛ ፊት ለፊት ያለውን ትንሹን ቤት ገዛች። "ቤዝመንት አለው" ትላለች። አንገት የሌለው ቤት፣ ልክ እንደ እሷ። ደምሰው ሳቀ። እማማ ጌጥነሽ አልሳቁም።

ሜይ 24፣ 2008
ነገ ቤት ምረቃ። እማማ ጌጥነሽ ለመጣው ሁሉ "በደሴው ቤቴ የተሠራ ነው" ይላሉ። ነገም ሊሉ ነው? ጉልበታቸውን ሰበብ አድርጌ ፎቅ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ። ይረፉ።

ሜይ 26
ትናንት...
ቄሱ ጸበል ረጭተው ሄዱ። እንግዳው ሁሉ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ። ክትፎውን ሳዞር ሰማዩ ጠቆረ፣ በረዶ ወረደ፣ የአደጋው ሳይረን ጮኸ። እንቁ በሯን ከፍታ "ወደኔ ኑ!" አለች። ሁላችንም ሮጥን።
ቤዝመንቷ ውስጥ ተጠጋግተን ቆመን ደምሰው ዞረ።
"እማዬስ?"
"ከአንተ ጋር አይደሉም እንዴ?"
በሁለት እጄ የያዝኩት የክትፎውን ሳህን ነበር። ደምሰው ሊወጣ ሲል ወንዶቹ ያዙት።
ቶርኔዶው አልፎን ሄደ። ቤቱ ምንም አልሆነም፣ መስኮቱ እንኳ አልተሰነጠቀም። እማማ ጌጥነሽን ደረጃው ስር ካለችው ቁም ሳጥን ውስጥ አገኘናቸው፣ ጫማ መሃል፣ በነጠላቸው ተሸፍነው።
"አባራ?" አሉ።
አፈርኩ። ደግሞ ተናደድኩ። ቢጣሩ ምን ነበር?

ሜይ 28
እማማ ጌጥነሽ እንቁ ቤዝመንት ገብተው ሊኖሩ ነው። ሻንጣቸውን ራሳቸው አዘጋጁ።
"እማዬ፣ ሰው ምን ይለናል?" አለ ደምሰው።
"ያን ለታ ሰው ሁሉ ከእናንተ ጋር ነበር። የታለች ያለ አልነበረም።"

ጁን 14
ሃቫና ስትሪት ገበያ ላይ ተክለሚካኤል አገኘኝ። ምረቃው ላይ ነበር፣ ሁሉን ያውቃል።
"እማማ ጌጥነሽ ቤት ለቀቁ አሉ?"
"ደረጃው ጉልበታቸውን ጎዳው።"
"ቤዝመንት የሚወረደው በምንድን ነው?" አለ ሳይስቅ።
ያሰብኩትን ሳልገዛ ተመለስኩ።

ጁን 22
ደምሰው እራቱን እናቱ ዘንድ መብላት ከጀመረ ሰነበተ። ይኼን ሁሉ ሳሎን ብቻዬን...
ጠዋት ጠዋት እማማ ጌጥነሽ የእንቁ በር ላይ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ፊታቸው ወደዚህ ነው። የትኛውም ሶፋ ላይ ብቀመጥ ይታዩኛል። አይሰድቡኝም፣ እጃቸውንም አያነሱም። ቤታቸውን ያያሉ።
ለዚህ መስኮት የሚሆን የተዘጋጀ መጋረጃ የለም፣ በልክ ነው የሚሰፋው አሉኝ።
ወፍራሙን አዘዝኩ።