የለችም ያልኩዎት ልጅ

ውድ ጋሽ ቦናያ፣

አካም ጅርቱ? ወደራ ናጋ፣ ሰላም ነው? ወደራ ከተማ ልጅዎ ጋ ከሄዱ ወዲህ ጉልበትዎን እንደተሻለዎት ሰማሁ፤ አልሐምዱሊላህ። እኛ ደህና ነን። ዛሬ የምጽፍልዎት ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም፤ ስምንት ዓመት ሙሉ አፌ ላይ እየደረሰ የሚመለስ ነገር አለኝ።

መስማት ለተሳናቸው ልጆች ክፍል ሊከፈት ነው ብለው፣ መዝገብ ይዘው ቤት ለቤት የዞሩ ጊዜ እኛም ጋ መጥተው ነበር። ስድስተኛ ክፍል ያስተማሩኝ አንቱ ነዎትና ወንበር አውጥቼ ሱቁ ደጃፍ አስቀመጥኩዎት። መስማት የማይችል ልጅ በቤቱ እንዳለ ጠየቁኝ። የለም አልኩዎት፤ ራሴንም ነቀነቅኩ። የባለቤቴ የፋዲል እህት ቀድሪያ፣ ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ከኋላዬ በበሩ ስንጥቅ ታየን ነበር።

ጠልቻት አልነበረም። «በዘራቸው አለ» ይሉናል፣ ሴቶች ልጆቻችንን ለትዳር የሚጠይቅ ይጠፋል ብለን እኔም አማቴም ፈርተን ነው። እንግዳ ሲመጣ ቀድሪያ ወደ ጓዳ ትገባ ነበር፤ ማንም ሳያዛት ለምዳው ነበር።

አንቱ እንደሄዱ ወጥታ ፊቴ ቆመች። በጣቷ ደረቷን ነካች፤ ከዚያ እንደኔው ራሷን ነቀነቀች። እኔ የለሁም ወይ ማለቷ ነበር። ያን ቀን ስኳር ለጠየቀኝ ሰው ጨው መዘንኩ። ፋዲል ሲመጣ ሁሉንም ነገርኩት። እናቱን እሱ እንደሚያሳምን፣ እኔ ግን ሳልውል ሳላድር ወስጄ እንዳስመዘግባት ነገረኝ።

በባጃጅ ይዣት አንቱ ወደሚመዘግቡበት ቀበሌ መጣሁ። እዚያም ደግሜ ዋሸሁዎት፤ ትናንት ከገጠር የመጣች ዘመድ ናት አልኩ። አንቱ ለአፍታ አዩኝና «እንኳን ደህና መጣች» ብለው ስሟን ጻፉ። ያወቁብኝ ይመስለኛል። ስላላሳፈሩኝ ነው ይኸው እስከ ዛሬ የማፍረው።

ቀድሪያ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍልን ጨረሰች። ከሰዓት ሱቁን የምትይዘው እሷ ናት፤ ደንበኞቻችን በጣት መከራከር ተምረዋል። ከዋጋዋ ንቅንቅ አትልም፤ ልመናቸውን ስለማልሰማ ነው ትለኛለች በእጇ፣ እየሳቀች። እኔም የምልክት ቋንቋውን ከልጆቼ ጋር ተምሬያለሁ፤ እሷ ግን እጅሽ ይኮላተፋል ትለኛለች።

ባለፈው ወር ትምህርት ቤቱ አዳዲስ ልጆች ሲፈልግ ለእኔና ለእሷም እንድንዞርበት አንድ መንደር ደረሰን። ቦጋለች የምትባል ሴት ቤት ገብተን ጠየቅን። «ሂን ጅሩ» አለችን፤ እንዲህ ያለ ልጅ እዚህ የለም። እኔ ልወጣ ስል ቀድሪያ ደጅ ከሚጫወቱት ልጆች መሃል ቁጭ ብላ፣ በእጇ ግመልና ሰጎን እየሠራች ታስቃቸው ጀመር። ቦጋለች ቆማ ስታያት ቆየች።

«የማን ልጅ ናት?» አለችኝ።

«የእኛ ናት» አልኩ። «የባሌ እህት ናት። እዚሁ ነገሌ ተወልዳ፣ እኛው ቤት ነው ያደገችው። እኔም ደብቄያት ነበር።»

ቦጋለች ወደ ውስጥ ገብታ የሰባት ዓመት ልጇን ዳሚን እጇን ይዛ ወጣች። ቀድሪያ ሰጎኗን እንደገና ሠራችላት። ዳሚ መጀመሪያ የእናቷን ፊት አየች፤ ቀጥላ በትንንሽ ጣቶቿ እሷም ሰጎን ሠራች። ሰኞ ትምህርት ጀምራለች።

ከኢድ በኋላ እኔ፣ ፋዲልና ቀድሪያ ወደራ እንመጣለን። ይቅርታዎን ያኔ ፊት ለፊት እጠይቃለሁ። ቀድሪያ በእጅ የሚጠራ ስም አውጥታልዎታለች፤ እኔ በወረቀት ላይ ልጽፈው አልችልም፣ እሷ ራሷ ትጥራዎት።

አክባሪ ተማሪዎ
ፉዚያ፣ ከነገሌ