ዓሦቹን አንቺ ልቀቂያቸው

እህቴ፣

ይህ በጋ ከበደኝ። ዝናቡ ዘገየ፣ ሳሉም አልለቀቀኝም። ሐኪም ቤት ተኛ ተብያለሁ፤ መኪናው በር ላይ ነው።

ዓሦቹ ከነከረጢታቸው ጥላው ሥር ባልዲ ውስጥ አሉ። አትቸኩይ። ከረጢቱን ሳትፈቺ የቆፈርኩት ኩሬ ላይ አንሳፍፊው። የውስጡ ውሃ እንደ ኩሬው ሲቀዘቅዝ ፍቺው፤ ራሳቸው ይወጣሉ።
የቧንቧ ውሃ በርሜል ውስጥ ሳታሳድሪ እንዳትጨምሪ፤ ይፈጃቸዋል።

«ሽማግሌው መቃብሩን እየቆፈረ ነው» ብለሽ ከጎረቤት ጋር ስትስቂ ሰምቻለሁ። መቆፈሬን አላቆምኩም።

ቤት አጥቼ የመጣሁ ጊዜ የምትወጂውን ኩሬ ደፍነሽ ይህን የምተኛበትን ክፍል ሠራሽልኝ። አንድም ቀን አላነሳሽብኝም። እኔም አላመሰገንኩሽም።

ዓሦቹን ራሴ ልለቃቸው እችል ነበር። ላንቺ ተውኩት።

ኩሬሽን መለስኩልሽ።

ወንድምሽ