ከስፒከሩ ሥር ያለው ጫማ

ቅዳሜ፣ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አዳማ

የስፒከሬ ቤዝ የጎረቤቴን የእማማ ዘሀራን ግድግዳ ስለሚያንቀጠቅጥ፣ ከሥሩ ጎማ ላደርግ ፈለግኩ። ግቢው ቧንቧ ጋ ማሰሪያው በሽቦ የተጠገነ አሮጌ ነጠላ ጫማ አገኘሁ። የተጣለ መስሎኝ ሁለቱንም ለሁለት ለሁለት ቆርጬ በስፒከሩ አራት ማዕዘን ሥር ወሸቅኳቸው። ንዝረቱ ቀረ፤ በራሴ ኮራሁ።

ከሰዓት እማማ ዘሀራ በባዶ እግራቸው ደጃፌ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ለሶላት ስታጠብ የማደርገውን የውዱእ ጫማዬን አላየህም? ቧንቧው ጋ ነበር የተውኩት።»

«ኧረ አላየሁም እማማ» አልኩ፤ አፌ ቀድሞኝ።

«ይሁን። ዛሬስ ግድግዳው አረፈልኝ፤ አላህ ይባርክህ» ብለው በጋለው ሲሚንቶ ላይ በጣቶቻቸው ጫፍ እየረገጡ ሄዱ።

በሽቦ የጠገነውን ጫማ ማን ይጥላል? አዲስ እገዛላቸዋለሁ። ግን ምን ብዬ ልስጣቸው?